ሊቀመንበራችን የሚኖረው ላስ ቬጋስ ነበር

የኳስ ቡድናችን ሊቀመንበር የሚኖረው ላስ ቬጋስ ነበር። ምክትሉ ዳላስ፣ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ደግሞ ሲያትል። ቡድኑ ግን የኦክላንድ ነው። እሑድ እሑድ ኦክላንድ ውስጥ ይለማመዳል፣ ተጫዋቾቹ እዚያና እዚያው አካባቢ ይኖራሉ፣ ማሊያው ላይም በትልቁ ኦክላንድ ተብሎ ተጽፏል። ከሥራ አስፈጻሚው ውስጥ የከተማዋን አየር የምተነፍሰው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ጸሐፊዋ።

ሊቀመንበሩን ሳናግረው «ጋሼ» እና «እርስዎ» ነበር የምለው። ያደግሁት ደሴ ነው፤ ታላቅን አንተ ማለት አፌ አይሄድም። እዚህ ግን ስለ እሱ «መጡ»፣ «ተናገሩ» እያልኩ ልጽፍ ብሞክር እጄ እምቢ አለኝ። ስለዚህ «እሱ» እለዋለሁ።

ድሮ የሚኖረው ኦክላንድ ነበር። ቡድኑን ከመሠረቱት አንዱ ነው፤ ይህን ማንም አልካደውም፣ እሱም ማንም እንዲረሳው አልፈቀደም። ታክሲ እየነዳ፣ ኳሶቹን ከኋላ ጭኖ፣ ልጆቹን ከየቤታቸው እየለቀመ ሜዳ ያደርስ እንደነበር የሚያውቁት ይመሰክሩለታል። በኋላ የኦክላንድ የቤት ዋጋ አልቀመስ ሲል ላስ ቬጋስ ላይ የመዋኛ ገንዳ ያለው ቤት ገዝቶ ሄደ። በዚህ የሚወቅሰው የለም። ቤት ፍለጋ ከዚህ አካባቢ ያልተሰደደ ማን አለ? የምንቀው ስለሄደ አይደለም። ወንበሩን ጭኖ ስለሄደ ነው።

ስንሸኘው ቴሜስካል በሚባለው የኦክላንድ ሰፈር አንድ ምግብ ቤት ጓሮውን ለቆልን ነበር። ማሊያ በመስታወት አስገብተን ሰጠነው። ሁላችንም የጠበቅነው በዚያው ንግግሩ ኃላፊነቱን እንዲያስረክብ ነው። ተነሣና «የትም ብሆን ከእናንተ ጋር ነኝ» አለ። ስንብት መስሎን አጨበጨብን። ማስጠንቀቂያ ኖሯል።

እኔ ጸሐፊ የሆንኩት በዚያው ዓመት ነው። ባለቤቴ የግራ ተከላካይ ነበርና ልምምዱን ለማየት እሑድ እሑድ አብሬው እሄድ ነበር። ኳስ እወዳለሁ። ደሴ ከወንድሞቼ ጋር ግድግዳ ላይ ስመታ ነው ያደግሁት። ሥራ አስፈጻሚው ውስጥ አንዲት ሴት ብትኖር ጥሩ ነው ተባለ፤ አጠገባቸው የነበርኩት እኔ ነኝ። ሜዳ ማስያዝ፣ ከከተማው ፓርክ ቢሮ የሜዳ ፈቃድ፣ ፐርሚት፣ ማውጣት፣ ለዳኛ መደወል፣ ማን የሥራ ሺፍት እንዳለበትና ማን እንደሚመጣ ማጣራት የእኔ ሆነ። ሊቀመንበሩ ይህን ሁሉ «ወረቀት ሥራ» ይለው ነበር።

ሜዳችን ከባሕሩ ዳር፣ ከኦክላንድ አውሮፕላን ማረፊያ ብዙም ሳይርቅ ነው። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ይነሣና ከፍ ብሎ የተመታ ኳስ ወደ መታው ሰው ይመለሳል። ዝይዎች ስለሚያድሩበት ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ኩሳቸውን በጫማችን እየጠረግን ወደ ዳር እናወጣለን። ልጆቹ ከኦክላንድ ወደ ደቡብ ባለችው ኒውአርክ መጋዘን ውስጥ ሠርተው፣ ኡበር ነድተው፣ ሆስፒታል ተረኛ ሆነው አድረው ነው የሚመጡት። አሰልጣኙ እዚያው አውሮፕላን ማረፊያ የመኪና ማቆሚያ ይሠራል። የኮምቦልቻ ሰው ነው፣ ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ ተጫዋች ሲያጠፋ ጠጋ ብሎ ጆሮው ላይ ይነግረዋል። ያ ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ያን ጥፋት አይደግምም።

የሥራ አስፈጻሚው ሚቲንግ በወር አንዴ በዙም ነበር። ሊቀመንበሩ ጓሮው ውስጥ ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይገባል። ገንዳው እንዲታይ ስልኩን ዝቅ አድርጎ ስለሚያቆመው የሚታየን አገጩና ውሃው ነው። ምክትሉ ሁልጊዜ መኪና እየነዳ ነው። የሲያትሉ ካሜራውን ከፍቶ አያውቅም፤ ድምፅ ስጡ ሲባል ብቻ ከጥቁሩ ሳጥን ውስጥ «እደግፋለሁ» የሚል ይሰማል። ምኑን እንደሚደግፍ የሚያውቅ አይመስለኝም ነበር። አሰልጣኙ ሪፖርት እንዲያቀርብ ይጠራል፤ ያቀርባል፤ የሚሰማው የለም። ሊቀመንበሩ አንድ ሰው በስልክ የቀረጸውን የጨዋታ ቪዲዮ አይቶ ስለሚገባ ሐሳቡ ሁሉ አሰላለፍ ላይ ነው።

«ያ ረጅሙ ልጅ ለምንድነው በቀኝ በኩል የማይሰለፈው?» አለ አንድ ቀን።

«የትኛው ረጅም፣ ጋሼ?» አልኩ እኔ።

«ያ ረጅሙ ነዋ። ፈጣኑ።»

«ሚኒያፖሊስ ገባ እኮ። ዓመት ሊሞላው ነው።»

«ታዲያ ለምን ለእኔ አልተነገረኝም?»

ልጁ የሄደ ዕለት ቡድኑ በሙሉ አቅፎት የተነሣውን ፎቶ የቡድኑ ገጽ ላይ የለጠፈው ራሱ ሊቀመንበሩ ነው። «ልጄ፣ መልካም መንገድ» ብሎ ጽፎበታል።

የምሠራው ሚልፒታስ፣ ሳን ሆዜ መዳረሻ ላይ፣ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚገጣጠምበት ፋብሪካ ነው። ከጎኔ የምትሠራው ሴት ኦክላንድ ተወልዳ ያደገች ናት፤ የከተማዋ ትልልቅ ቡድኖች ተራ በተራ ሲወጡ ያየች። ስለ ቡድን ባለቤቶችና አለቆች ከተነሣ ፊቷ ይለወጣል። «ከተማዋን የሚያውቋት በመኪና መስኮት ነው» ትላለች። የእኛን ጉድ ስነግራት መጀመሪያ አላመነችኝም። «እናንተ ደግሞ ምን አላችሁና ነው ሩቅ ሆኖ የሚገዛችሁ?» አለችኝ። እነዚያ ቢያንስ ቡድኑ ንብረታቸው ነው። የእኛው ሰውዬ የያዘው የቴሌግራም ግሩፕ ነው።

ነገሩ የከረረው ልምምዱ ወደ ሳን ሆዜ ይዛወር በተባለ ጊዜ ነው። እንደተለመደው አገጩና ገንዳው መጡ።

«ኦክላንድ አልቆላታል» አለ። «ሚሊየነሮቹ እንኳ ቡድናቸውን ይዘው ወጥተዋል። እኛ ምን እንጠብቃለን? ሳን ሆዜ ስፖንሰር አግኝቻለሁ። ማሊያ በሙሉ በአዲስ ይቀይርልናል፣ አረንጓዴ። ሜዳም እዚያ አለ። ከስሙ ላይም ኦክላንድ የሚለው ይውጣና በአካባቢው ሁሉ ስም ቤይ ኤሪያ እንበለው። ሳን ሆዜ ለሁሉም መሀል ናት።»

«ለማን ነው መሀል የምትሆነው?» አለ አሰልጣኙ።

«ለሁሉም አልኩህ። ከኦክላንድ ሠላሳ ደቂቃ ናት።»

«ጋሼ፣ 880 አውራ ጎዳናን መጨረሻ የነዱት መቼ ነው?»

«እኔ እዚያ መንገድ ላይ ታክሲ ስነዳ አንተ ገና አገር ቤት ነበርክ» አለ።

እውነቱን ነው። ችግሩም እሱ ነበር። የሚያውቀው መንገድ ድሮ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ባዶውን የነዳውን ነው። እኔ ሚልፒታስ ለመድረስ በየቀኑ የምገባበት፣ መኪና በመኪና ላይ ተደርቦ የሚቆምበት መንገድ በእሱ አእምሮ ውስጥ የለም።

ድምፅ ስጡ ተባለ። እሱ እጁን አነሣ፣ ምክትሉ ከመሪው ላይ አንድ እጁን አነሣ፣ ሳጥኑ «እደግፋለሁ» አለ። እኔ እቃወማለሁ አልኩ። ያኔ ምክትሉ ለመጀመሪያ ጊዜ መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመ። «ይቅርታ እህቴ፣ ደንቡ ላይ ጸሐፊ ድምፅ የላትም» አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፅ ስሰጥ ቆይቻለሁ። ከእነሱ ጋር የሚስማማ ስለነበር ይቆጠር አይቆጠር ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ሳን ሆዜ ያገኘነው ሜዳ ክፍት የሆነው ቅዳሜ ማታ ማታ ብቻ ነው። ወሩ ረመዳን ነበር። አሰልጣኙና እኔ፣ ከተጫዋቾቹም አምስት የሚሆኑት፣ ጿሚዎች ነን። ፀሐይዋ የምትጠልቀው ልክ ልጆቹ ሰውነታቸውን አፍታተው ኳስ ሲጀምሩ ነው። ሰዓቱ እንዲቀየር ጻፍኩ፤ «የፕሮፌሽናል ቡድን በምክንያት አይሠራም» የሚል መልስ መጣ። የመጀመሪያው ቅዳሜ መግሪብ ሲገባ አሰልጣኙ ፊሽካውን ነፋ፣ እኔም ቴምርና ውሃ ይዤ ዳር ጠበቅኋቸው። የማይጾሙትም መጥተው ሣሩ ላይ አብረውን ተቀመጡ፤ በረኛችን ዲያቆን ነው፣ እሱም ቴምሩን ከሁላችን በላይ በላ። አንዱ ልጅ ልምምዱን በስልኩ ላይቭ ያስተላልፍ ስለነበር እዚያው ቴምር በእጄ ይዤ ስልኬ ጮኸ።

«ልምምዱ ለምን ተቋረጠ?» አለኝ ሊቀመንበሩ።

«እያፈጠርን ነው፣ ጋሼ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«እሺ፣ ፈጠን በሉ» አለና ዘጋው። አሰልጣኙ ማን እንደደወለ ሳይጠይቀኝ አወቀ። ውሃውን ጠጣና ተነሥቶ ሰገደ።

እስከ በጋው መግቢያ ድረስ እንዲህ ተጎተትን። ተራ በተራ የሚቀሩ በዙ። ባለቤቴ በጉልበቱ አሳብቦ ተወው፤ ጉልበቱ ደህና ነበር። ለመጫወት የሚበቃ ሰው ለማግኘት ዓርብ ዓርብ ቀኑን ሙሉ ስደውል እውላለሁ። ሚቲንጉ ላይ ይህን ስናገር ሊቀመንበሩ «ሽግግር ነው፣ ያልፋል» ይለኛል። የሲያትሉም ገጹ ላይ «አዲስ ምዕራፍ» ብሎ ይለጥፋል፤ ፎቶው የድሮው ሜዳችን ነው፣ ዝይዎቹ ሳይቀሩ ይታያሉ።

ከዚያ ሊቀመንበሩ ራሱ እመጣለሁ አለ። ሳን ሆዜ ካለው ሌላ የአበሻ ቡድን ጋር የወዳጅነት ጨዋታ ነበረን። ስፖንሰሩ አዲሶቹን ማሊያዎች ሜዳው ድረስ ያመጣቸዋል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ሊቀመንበሩ ንግግር ያደርጋል። ከሄደ ወዲህ ልጆቹን በአካል አይቷቸው አያውቅም።

በቀጠሮው ሰዓት ስፖንሰሩ አልደረሰም፤ ስልኩንም አያነሣም። እኛ በድሮው ቢጫ ማሊያችን ገባን። ሳን ሆዜዎቹ አረንጓዴ ለብሰው ነበር፤ የራሳቸው፣ የቆየ አረንጓዴ። ሊቀመንበሩም ገና አልመጣም። የመጀመሪያው አጋማሽ በእኩል አልቆ ሁለቱም ቡድኖች ሜዳው ግራና ቀኝ ሣሩ ላይ ተዘርግተው ውሃ ሲጠጡ፣ ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰው ከመኪና ማቆሚያው በኩል መጣ። ከሩቅ ለየሁት። እጄን አወዛወዝኩለት። አላየኝም። በቀጥታ ወደ አረንጓዴዎቹ ሄደ።

ልሮጥ ስል አሰልጣኙ «ተይው» አለኝ።

«ኧረ ነውር ነው።»

«ተይው። ይናገር።»

ቢሆንም ሄድኩ፤ ማፈሩ ለእኔ ተርፎ ነበር። ስደርስ መሀላቸው ቆሞ ጀምሯል። ልጆቹ ታላቅ ሰው ቆሞ ሲናገር ተኝቶ መስማት አይሆንላቸውምና ቁጭ ብለው፣ አንገታቸውን ደፍተው ያዳምጡታል። አሰልጣኛቸው እንኳ ኮፍያውን አውልቋል።

«ብዙ ሰው ቡድን ይመራል» ይላቸዋል። «ተጫዋቾቹን ግን አያውቃቸውም። እኔ እናንተን አንድ በአንድ አውቃችኋለሁ። ብርታታችሁንም ድካማችሁንም አውቃለሁ። ሩቅ ብሆንም ልቤ እዚህ ነው። አባት ልጁን ለማወቅ አብሮት ማደር አለበት እንዴ?»

አጠገቡ የተቀመጠውን ልጅ ትከሻ ያዘ። «ይኼ ለምሳሌ። ሕፃን ሆኖ ነው የማውቀው። ታክሲዬ ውስጥ ነው ያደገው።»

ልጁ እዚህ የተወለደ ነው። ቀና ብሎ በእንግሊዝኛ፣ በጣም በትሕትና፣ ይቅርታ፣ የተሳሳቱ ይመስለኛል፣ እኔ ከፍሬሞንት ነኝ አለው።

«አየህ፣ እንግሊዝኛው» አለ ሊቀመንበሩ፤ ሳቀ። አላቆመም። ስለ አዲሱ ማሊያ፣ አረንጓዴውን ራሱ እንደመረጠው፣ እንዴት እንዳማረባቸው ነገራቸው። ሲጨርስ አምበላቸው ተነሥቶ «እናመሰግናለን ጋሼ» አለ፤ ሁሉም አጨበጨቡለት። ከልባቸው ነበር። ማን እንደሆነ ባያውቁም ደግ ሽማግሌ መስሏቸው ነው።

ያኔ ጠጋ አልኩና «ጋሼ፣ የእኛ ልጆች ወዲያ ናቸው» አልኩት።

መነጽሩን አወለቀ። ቢጫዎቹን አየ፣ አረንጓዴዎቹን አየ። የሚደነግጥ መስሎኝ ነበር፤ ቢደነግጥ ኖሮ ምናልባት ዛሬ «እሳቸው» እለው ነበር። እሱ ግን እጁን ዘርግቶ «ሁሉም ልጆቻችን አይደሉ!» አለና ሜዳውን አቋርጦ ወደ እኛ ሄደ። የእኛም ልጆች ተነሥተው ቆሙለት። «ብዙ ሰው ቡድን ይመራል» ብሎ ጀመረ። ያንኑ ንግግር፣ ቃል በቃል ደገመው። አንድ በአንድ አውቃችኋለሁ የሚለው ላይ ሲደርስ በረኛችን ጓንቱን ሊያደርግ ጎንበስ አለና ሳይቀና ቀረ። የማሊያውን ነገር ብቻ ዘለለው። ማንም አላጨበጨበም።

ተሸነፍን። ስፖንሰሩ ጨዋታው ካለቀ በኋላ መጣ፤ ማሊያዎቹ ገና እየተሠሩ መሆናቸውን ተናግሮ ከሊቀመንበሩ ጋር ፎቶ ተነሣ። አሰልጣኙ ኳሶቹን ወደ ከረጢት ሲከት ሊቀመንበሩ አጠገቡ ሄዶ ስለ ሁለተኛው አጋማሽ አሰላለፍ የሚያስበውን ነገረው። አሰልጣኙ እስኪጨርስ ሰማው። ከዚያ ፊሽካውን ከአንገቱ አውልቆ ሰጠው፤ «እንግዲህ በእርስዎ ይሁን» አለ። ሊቀመንበሩ ፊሽካውን ኪሱ ከተተው። የተደረገውን ያወቀ አይመስለኝም።

ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሚያደርሰው ጠፋና እኔ ወሰድኩት። መንገድ ላይ ሳልጠይቀው ማውራት ጀመረ። ላስ ቬጋስ የሆቴል እንግዳ የሚያመላልስ ሻትል እንደሚነዳ፣ ሥራ ቦታው ስሙን በትክክል የሚጠራው እንደሌለ፣ ጎረቤቶቹን እንደማያውቃቸው ነገረኝ።

«እዚህ ጋሼ ይሉኛል፣ ሊቀመንበር ይሉኛል» አለ። «እዚያ ማንም አይደለሁም። ይገባሻል?»

ገብቶኛል። እኔም ፋብሪካው ውስጥ ስሜ አጥሮ በሁለት ፊደል ነው የሚጠራው። አዘንኩለት ብል ደስ ይለኝ ነበር። ለአንድ የትራፊክ መብራት ያህል አዝኜለትም ነበር። ከዚያ ያ ሁሉ ልጅ ከሺፍት ወጥቶ 880 ላይ የተሰቀለው በዚህ ሰውዬ ገንዳ አጠገብ ማዕረግ እንዳይጎድል መሆኑን አሰብኩ፤ መብራቱም አረንጓዴ ሆነ። «ጋሼ፣ ቦታውን የሚለቁ ቢሆን እኮ አሁንም ጋሼ ነው የምንልዎት» አልኩት። ሲወርድ «የሚቀጥለውን ሚቲንግ ሊንክ እንዳትረሺ» አለኝ።

ሊንኩን አልላክሁም። በሚቀጥለው እሑድ አሰልጣኙ ደውሎ የድሮው ሜዳ ላይ ኳስ ልንመታ ነው፣ ከመጣሽ ነይ አለኝ። ስሄድ ግማሹ ቡድን ዝይ ሲያባርር ደረስኩ። ባለቤቴም ጉልበቱ ድኖለት አብሮኝ መጣ። በሚቀጥለው ሳምንት የቀሩትም መጡ። ማንም መግለጫ አላወጣም፣ ማንም አልተሰናበተም። ወደ ፓርክ ቢሮ ሄጄ ፐርሚቱን በአሰልጣኙ ስም አወጣሁ።

ሊቀመንበሩ የሰማው ከወር በኋላ ነው። ያንን ያህል ነው ቡድኑን የሚያውቀው።

«ቡድኔን ሰረቃችሁኝ» አለኝ በስልክ።

«ቡድኑማ እርስዎ ጋ ነው፣ ጋሼ።»

«ስሙ የእኔ ነው። ገጹ የእኔ ነው። ሎጎውም የእኔ ነው።»

«አዎ፣ ሁሉም የእርስዎ ነው።»

እንድከራከረው ጠበቀ። ከዚያ «ልጆቹስ?» አለ።

«እሑድ ይምጡና ይጠይቋቸው።»

አልመጣም። በዚያ በጋ የአበሻ ቡድኖች ውድድር ላይ፣ የተመዘገበው የቡድኑ ስም እሱ ጋ ስለሆነ፣ እኛ መግባት አልቻልንም። ልጆቹን ቆጫቸው፤ እኔንም ቆጭቶኛል። እሱ ግን ባጅ አንጠልጥሎ ሄዶ ነበር፤ ከምክትሉና ከሲያትሉ ጋር የክብር ቦታ ላይ ተቀምጠው የተነሡት ፎቶ ገጹ ላይ አለ። የሲያትሉን ፊት ያየሁት ያኔ ነው። ሦስቱም አረንጓዴ ማሊያ ለብሰዋል። ከኋላቸው ተጫዋች የለም።

እኛ አሁን በከተማው ሊግ ውስጥ እንጫወታለን። ብዙ ጊዜ እንሸነፋለን፤ ንፋሱ ከእኛ ጋር ሲሆን እናሸንፋለን። በየበዓሉ ከላስ ቬጋስ የድምፅ መልእክት ይመጣል፤ ለዒዱም ለፋሲካውም ለሁላችንም በአንድ ላይ ይልካል፣ «ሊቀመንበራችሁ ነኝ» ብሎ ይጀምራል። ልጆቹ «አሜን ጋሼ» ብለው ይመልሱለታል፤ አስተዳደጋቸው ነው። እኔ «ሊቀመንበራችሁ ነኝ» ከሚለው አልፌ ሰምቼው አላውቅም።